ዘይላን የገደለቻት ድሬዳዋ ናት?

በኢንተርኔት የውይይት መድረካችን ላይ ይህን ክር፣ ማለትም ይህን የጥያቄና የመልስ ሰንሰለት፣ የከፈተው ሰው ጥያቄ አልጠየቀም፤ ክስ ነው የመሠረተው። ራሱን የለገሃሬ ልጅ ብሎ የሚጠራው ይህ ሰው በመድረካችን ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው ስለ እግር ኳስ ነው። በዚህ ክር ግን የከተማችንን ልደት ከዘይላ፣ ከአንዲት የባሕር ጠረፍ ከተማ፣ ሞት ጋር አያይዞ መጣ። ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው፦ በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ከተራራው ግርጌ ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። እስከዚያ ድረስ የሐረር ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ በግመል ወደ ባሕር ይወርድ የነበረው፣ ጨርቁ፣ ሩዙና ቴምሩም ወደ ላይ ይወጣ የነበረው በአመዛኙ በዘይላ በኩል ነው። ባቡሩ ሲመጣ ግመሉ ቀረ፤ ግመሉ ሲቀር ዘይላ ወና ሆነች። ስለዚህ በየዓመቱ የከተማችንን የምሥረታ ታሪክ ስናወራ የማን ሬሳ ላይ ቆመን እንደሆነ እንወቅ አለና፣ ከመካከላችን ዘይላን በዓይኑ ያየ ሰው ካለ እንዲናገር ጠይቆ ጨረሰ።

መልሶቹ 29 ናቸው። ሁሉንም አልተርክም፤ አንዳንዶቹ ምስጋና ብቻ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ባይነገሩ ይሻላል።

መልስ 1 ከምስጋና ወገን ነው። መልስ 2 ዘይላ ጅቡቲ ውስጥ እንደምትገኝ በልበ ሙሉነት ጻፈ፤ መልስ 3 ወዲያው አረመው። ከጅቡቲ ከተማ ተነስቶ በሎያዳ ኬላ ድንበሩን የተሻገረ፣ የባሕሩን ዳርቻ ይዞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሄደ ሰው የሚያገኛት፣ በሶማሌላንድ አውደል ውስጥ ያለች፣ ዝቅ ብሎ ወደ ባሕሩ የገባ አሸዋማ መሬት ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ባሕሩ በሦስት በኩል ከቧታል። የመልስ 2 ጸሐፊ ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም።

መልስ 4ን የጻፉት ጡረታ የወጡ የሐረር የታሪክ መምህር ናቸው። መድረኩ ላይ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከፋቹን ልጄ ብለው ጀመሩና ስለ ጥያቄው አመሰገኑት፤ ከዚያ ግን ክሱን አንድ በአንድ መፍታት ያዙ። በ14ኛው መቶ ዘመን ኢብን ባጡታ ዘይላ ሲደርስ ትልቅ ገበያ ያላት ትልቅ ከተማ ነበር ያገኘው። ነገር ግን የዓሣው ሽታና በየመንገዱ የሚታረደው የግመል ደም ስላንገፈገፈው፣ ባሕሩ እየተናወጠ እንኳ በመርከብ ላይ ማደርን መረጠ። እ.ኤ.አ. በ1517 ፖርቱጋሎች ከተማዋን አቃጠሉ። ከዚያ ኦቶማኖች ያዟት። እ.ኤ.አ. በ1875 ለግብፅ ተላለፈች፤ በዚያው ዓመት ራውፍ ፓሻ ጦሩን ከዘይላ አስነስቶ ወደ ሐረር በመውጣት ከተማዋን ያዘ። ግብፆች ሲወጡ እንግሊዞች ገቡ። እንግዲህ ዘይላ ስትወድቅና ስትነሳ የኖረች ናት፤ ባቡሩ የመጀመሪያው መከራዋ አይደለም። በጋሼ አስተያየት ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፦ ቀድሞ አንዱ ሲለቃት ሌላው ይሻማባት ነበር፤ ከባቡሩ በኋላ ግን የሚሻማባት ጠፋ።

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ አንድ ሰው በኋላ፣ በመልስ 13 ላይ፣ ጣሊያን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1940 ዘይላን መያዙን አስታውሶ ሊያፈርሰው ሞክሯል። ጋሼ ጣሊያን ልቡ በርበራ ላይ እንደነበረና ዘይላን በመንገዱ እንዳገኛት መለሱ። እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ።

በመልስ 5 ላይ ከሐረር ጁገል የሆነች ሴት ስለ ቤታቸው ግድግዳ ጻፈች። የሐረሪን ባህላዊ ቤት የሚያውቅ ሰው ግድግዳውን ያውቀዋል፤ ሰፌዱ፣ ሙዳዩ፣ የእንጨት ገበታውና የኢናሜል ሳህኑ በሥርዓት ተሰቅሎ ከወለል እስከ ጣሪያ ይደርሳል። ከነደባው፣ ከመቀመጫው መደብ፣ ላይ ተቀምጦ ቀና ያለ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው እርሱን ነው። እርሷ እንደምትለው ከሳህኖቹ መካከል ጠርዙ የተላጠ፣ መሐሉ ላይ ሰማያዊ አበባ ያለበት አንድ አለ፤ አያቷ እርሱን ለማንም አያስነኩም ነበር፤ ምክንያቱም ከአባታቸው ጋር ከዘይላ በግመል የመጣ ነው። ሳህኑ ጀርባ ላይ የጠፋ ማኅተም ስላለ የሚያነብላት ሰው ትፈልጋለች። ማንም አልመለሰላትም። ሰዉ ወዲያው ወደ ፈረንሳዊው ገጣሚ ሮጠ።

የሐረርና የባሕር ነገር በተነሳ ቁጥር ራምቦ ሳይነሳ አይቀርም፤ ይሄ የታወቀ ነው። መልስ 6 ገጣሚው ለምኒልክ ጠመንጃ ያመጣው በዘይላ በኩል ነው አለ። መልስ 7፣ በጣም በሻከረ አነጋገር፣ ሳያነቡ መጻፍ ነውር መሆኑን ካስተማረ በኋላ እውነቱን አስቀመጠ። የጠመንጃው ቅፍለት፣ ማለትም ጭነት ተሸክሞ የሚጓዘው የግመል ተርታ፣ የተነሳው ከታጁራ ወደብ ነው፤ ራምቦ እዚያ ወራት ሙሉ ከተንገላታ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1886 መጨረሻ ላይ ጉዞ ጀምሮ በአፋር በረሃ አቋርጦ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ሸዋ ደረሰ። በዘይላ በኩል ያለፈው በሌላ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሐረር ሲመጣ 20 ቀን በፈረስ ተጉዞ በዚያ ወጣ፤ በ1891 ደግሞ ጉልበቱ አብጦ መራመድ ሲያቅተው 16 ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ዘይላ አወረዱት። በዚያው ዓመት ኅዳር ማርሴይ ላይ ሞተ። መልስ 8 ደግሞ ሐረር ውስጥ የራምቦ ቤት የሚባለው ቤት ገጣሚው ከሞተ በኋላ በአንድ ህንዳዊ ነጋዴ የተሠራ መሆኑን ጽፎ የአስጎብኚዎችን እንጀራ ሊዘጋ ተነሳ። አንድ አስጎብኚ በመልስ 9 ተቆጣ። ንዴቱ ይገባኛል፤ ቤቱ ግን በእርግጥም ያማረ ቤት ነው፤ ማንም ይሥራው።

ከመልስ 10 እስከ 12 ያለው ምኒልክ ሐረርን ስለያዘበት የጨለንቆ ጦርነት ነው። አንዱ ጦርነቱ በ1887 ሆነ ሲል ሌላው በ1879 ነው ብሎ አፋጠጠው፤ ነገሩ ወደ ዘር ሊሻገር ሲል ሦስተኛው መጥቶ አንዱ በፈረንጅ ሌላው በእኛ አቆጣጠር እየቆጠሩ እንደሆነ ነገራቸው። ሁለቱም አላመሰገኑትም።

እንግዲህ ክሩ ወደ ቁም ነገሩ የተመለሰው በመልስ 14 ነው። ጸሐፊው ከጀልዴሳ ነው። ጀልዴሳ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለች የገጠር ቀበሌ ናት፤ የድሬዳዋ ሰው ስሟን የሚያውቀው ቢበዛ ከጀልዴሳ የሚመጣ ዘመድ ካለው ነው። ይህ ሰው ከፋቹ ሟቹን አሳስቷል ባይ ነው። ከዘይላ የሚመጣው ቅፍለት ቆላውን በግመል አቋርጦ ጀልዴሳ ሲደርስ ጭነቱ ይወርድ ነበር። ግመል ወደ ሐረር ተራራ አይመችም፤ ስለዚህ ጭነቱ በበቅሎና በአህያ ጀርባ ይቀጥላል። ቀረጡ የሚከፈለው እዚያ ነው፤ ነጋዴው የሚያድረው እዚያ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ነጋዴውን በየጎሳው መሬት ዋስ ሆኖ ያሳለፈው አባንም ሒሳቡን ተቀብሎ የሚመለሰው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሮድ በተፈራረሙት ውል ላይ፣ በጀልዴሳ በኩል ዘይላንና ሐረርን የሚያገናኘው የቅፍለት መንገድ ለሁለቱም አገሮች ንግድ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ተጽፏል። ያንኑ ዓመት ጅቡቲ ላይ ሐዲዱ መዘርጋት ጀመረ፤ ሐዲዱ ጀልዴሳን አልነካም። ዘይላ ቢያንስ ባሕሯ ቀርቶላታል፤ ለጀልዴሳ ምን ቀረላት የሚል ነው ክርክሩ። የእርሱ መልስ ከክሩ ሁሉ ይበልጥ ተወድዷል፤ ይገባዋልም። ከፋቹም የሬሳው ቁጥር ሁለት መሆኑን እቀበላለሁ ብሎ ቀለደ።

መልስ 15 ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚሠራ የድሬዳዋ ልጅ ነው። ንግግሩ የባለሙያ ነው፤ ስሜት የለበትም። የዘይላ ባሕር ጥልቀት የለውም፤ ትልልቅ መርከቦች ራቅ ብለው መልሕቅ ጥለው ዕቃው በትንንሽ ጀልባዎች ነበር የሚመላለሰው። ለሰንቡክ፣ ለባለ ሸራ ጀልባ፣ ዘመን ያ በቂ ነው። የእንፋሎት መርከብ ሲመጣ ግን ዕጣዋ አበቃ፤ ሐዲዱ ባይዘረጋ እንኳ ንግዱ የጠለቀ ባሕር ፍለጋ መሄዱ አይቀርም ነበር። ፈረንሳዮችም ራሳቸው መጀመሪያ ኦቦክ ላይ ሰፍረው የማያዋጣቸው መሆኑን ሲያዩ ወደ ጅቡቲ ተሻገሩ፤ ኦቦክም እንደ ዘይላ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ሆና ቀረች። ሌላው የዘይላ ችግር ውኃ ነው። የሚጠጣው ውኃ ድሮም ከከተማዋ ውጭ ካሉ ጉድጓዶች በግመል ይመጣ ነበር፤ ይህን የምናውቀው እ.ኤ.አ. በ1854 ዘይላ ደርሶ በጥር መጀመሪያ 1855 ሐረር ከገባው ከእንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ማስታወሻ ነው። የሚጠጣ ውኃ የሌለው ወደብ ሸቀጥ ያሳልፋል እንጂ ሕዝብ አያኖርም።

ከዚያ በኋላ መልስ 16 መጣ። ዘይላን በዓይኔ አይቻለሁ ያለው ብቸኛው ሰው ይህ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሲጽፍ ነጥብና ሰረዝ አያውቅም፤ የጻፈው ግን ከሁላችንም ይበልጣል። ወደ ዘይላ የሄደው ሥራ ኖሮት ሳይሆን አሸዋ የያዘውን የጓደኛውን መኪና ለመጎተት ነው። ከሎያዳ ወዲያ መንገዱ የጎማ ፈለግ ብቻ ስለሆነ የጎማቸውን አየር ቀንሰው፣ ሙቀቱን ፈርተው ሌሊቱን ተጓዙ። መብራቱ ሲያርፍበት ጨው ያበቀለው መሬት ነጭ ሆኖ ያበራል፤ ረግጠውት ሲያልፉ ደግሞ ቅርፊቱ ይሰበርና ከሥሩ ጭቃ ይወጣል። የጓደኛው መኪና የተያዘውም በዚያ ነው።

ጎሕ ሲቀድ ከተማዋ ገቡ። አሮጌዎቹ ቤቶች ከባሕር ውስጥ በተፈለጠ የዛጎል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ኖራው የተላጠበት ቦታ ላይ የዛጎሉ ቅርጽ በጣት ይዳሰሳል። ብዙዎቹ ጣሪያ የላቸውም። ሁለት ሚህራብ ያለውን የጥንቱን መስጊድ ፍርስራሽ አንድ ሕፃን እየመራ አሳየው፤ አንዱ ሚህራብ ወደ መካ ሁለተኛው ወደ ኢየሩሳሌም ነው እንደሚባል ነገረውና እጁን ለሳንቲም ዘረጋ። ሻይ የምትሸጥ ሴት ቢጫ ጀሪካን ከአህያ ላይ አወረደች። ሻዩ ውስጥ ስኳሩን አብዝታ ብትጨምርም ጨው ጨው ማለቱ አልቀረም፤ የሰፈሩ ሰው ግን ለምዶት ሳያማርር ይጠጣዋል። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሰው፣ መረብ የሚጠግኑት ሳይቀሩ፣ አንገታቸውን ወደ መንገዱ ማስገግ ጀመሩ። የሚጠበቀው የጫት መኪና ነበር። ከእኛ ደጋ የተቆረጠ ጫት ነው የሚጭነው። ሾፌሩ እንደታዘበው የሐረር ቅፍለት ሞተ የሚሉ ሰዎች ያን መኪና አላዩም።

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ጊዜ ጸጥ አለ፤ ቀጥሎ ግን ወደ ዓሣ ሄደ። መልስ 17 የዘይላ ሰው ምን እንደሚበላ ጠየቀ፤ ሾፌሩ የተጠበሰ ዓሣ በሩዝ መብላቱን ነገረው። ከዚያ መልስ 18 የድሬዳዋ ሰው ዓሣ የማይወድበትን ምክንያት ሊያስረዳ ሲነሳ፣ መልስ 19 በአሮጌው ባቡር ዘመን ከጅቡቲ የሚመጣ ዓሣ ከፊራ ገበያ ላይ ይሸጥ እንደነበር አስታወሰ፤ እናቱ በዚያው ባቡር ጨርቅ ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ወፍረው የሚሳፈሩ፣ ድሬዳዋ ሲደርሱ ቀጥነው የሚወርዱ ነጋዴ ነበሩ። መልስ 20 የአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ርቆ መሠራቱን በምሬት አነሳ። ሁላችንም ስለዚህ ጉዳይ የምንለው ስላለን ክሩ እዚያው ሊቀር ነበር።

ያተረፈው፣ ማትረፍ ከተባለ፣ ፖለቲካ ነው። መልስ 21 እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2024 ኢትዮጵያና ሶማሌላንድ የተፈራረሙትን የመግባቢያ ሰነድ አንስቶ ዘይላ ለኢትዮጵያ ልትሰጥ ይገባል አለ። መልስ 22 ሶማሊያ በሰነዱ መቆጣቷንና በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አንካራ ላይ ሌላ ስምምነት መደረጉን ጠቅሶ ሕልም ብሎ አጣጣለው። ሁለቱ ቀጥለው የተለዋወጡትን አወያዩ አጥፍቶታል፤ መልስ 23 እና 24 የሚነበቡት ባዶ ሆነው ነው። ከመጥፋታቸው በፊት አንብቤያቸዋለሁ፤ አልከሰርንም።

መልስ 25 የድሬዳዋ ኢሳ ሶማሌ ነው፤ አክስቱ ዘይላ ናቸው። ሰላምታ ሰጥቶ ነው የጀመረው፤ አንቀጹ እየረዘመ ሲሄድ ግን ቃሉ እየከረረ መጣ። ዘይላን እንደ ወደብ፣ እንደ ታሪክ፣ እንደ ሬሳና እንደ ሕልም ስታወሩ ዋላችሁ፤ እዚያ የሚኖር ሰው ምን እንደሚፈልግ የጠየቀ ግን አንድም የለም የሚል ነው ቅሬታው። የእርሱ ቤተሰብ ሠርግና ለቅሶ ድሬዳዋ፣ ጅቡቲና ዘይላ ላይ ነው፤ ሦስቱም በአንድ ሕግ ይዳኛሉ። ሕር ኢሳ የሚባለው ይህ ያልተጻፈ ሕግ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ በጋራ አቅርበውት በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። አክስቱ የሚፈልጉት ንጹሕ ውኃና ሌሊት ምጥ ሲመጣ የሚያደርስ መንገድ ነው። ሞታለች ለምትሉት ከተማ ትናንት በስልክ ሰላም ብያታለሁ ብሎ ደመደመ።

ለእኔ የክሩ ዋና መልስ ይህ ነው። ከፋቹ ያመጣው ክስ ራሱ ሞት ላይ ስለቆመ እኛም ሳናውቀው አስክሬን ምርመራ ውስጥ ገብተን ነበር። መርማሪው የበዛ ከተማ ነን።

ይህ ያልተዋጠለት አንድ ሰው በመልስ 26 ላይ ጉዳዩን ጎሳ ውስጥ አስገባኸው ብሎ ሲወቅሰው፣ ጋሼ በመልስ 27 ተመልሰው መጡ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ዘይላን ለኢትዮጵያ ሰጥተው በምትኩ ከኦጋዴን በኩል መሬት ለመውሰድ ሐሳብ አቅርበው እንደነበር፣ ሐሳቡም ሳይሳካ መቅረቱን ጻፉ። ያኔም የዘይላን ሰው የጠየቀ እንዳልነበር አከሉበት። ከዚያ፣ መምህር መምህር ነውና፣ ከዘይላ ፊት ለፊት ስላለው የሰዓድ አድዲን ደሴት፣ በስሙ ስለተጠራው ሱልጣን፣ ሱልጣኑም የተገደለው እ.ኤ.አ. በ1403 በዐፄ ዳዊት ዘመን ነው ወይስ በ1415 በዐፄ ይስሐቅ ስለሚለው የሊቃውንት ክርክር ረጅም ማብራሪያ ሰጡ። ክርክሩን ወደ ራሳቸው ክር እንዲወስዱት አወያዩ በትሕትና ለመናቸው።

መልስ 28 እንዴት እንደሚኬድ ጠየቀ። ሾፌሩ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ እሳት የሚመስለው ነፋስ በሚነፍስበት ወቅት፣ ማንም እንዳይሞክረው አስጠነቀቀ፤ በጅቡቲ በኩል የሚሄድ የድንበሩን ወረቀት አስቀድሞ ይጨርስ፤ ውኃ ከሚያስበው በላይ ይያዝ፤ የሚሄድበትን ቤት አስቀድሞ በዘመድ በኩል ያስነግር፤ ሆቴል እንዳይጠብቅ። ኢሳው ደግሞ የአክስቱን ቤት ለእንግዳ ክፍት መሆኑን፣ ነገር ግን ባዶ እጅ መሄድ እንደማያምር ነገረው። ምን ይወሰድ ተብሎ ሲጠየቅ ቡና አለ፤ የሐረር ቡና፣ ያልተቆላ።

በመልስ 29 አንድ ሰው ሾፌሩ ጅቡቲ ደርሶ ሲመለስ የፍሪጅ ሞተር ያመጣለት እንደሆነ ጠየቀ። ሾፌሩ ቀረጡን ከከፈልክ አመጣለሁ አለው፤ ሰውየው ዋጋውን በግል እንነጋገር ብሎ ሄደ።